ማሠሪያ የሌለው አይፈታም፤ በአልጀብራ የአማርኛ ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም ከተማ፣ በአንድ የ7ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ላይ የተሰማ ጥያቄ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «3ኤክስ + 5 = 17» ብለው ጻፉ። በመጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሰፈረውን ስያሜ በአማርኛ ሲያብራሩም «ኤክስ ተለዋዋጭ ናት» አሉ። ከዚያም ከሁለቱም ወገን 5 ቀንሰው፣ የቀረውን ለ3 አካፍለው፣ «ኤክስ 4 ናት» ሲሉ ደመደሙ። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ተለዋዋጭ ናት ብለውን አልነበረም? 4 ብቻ ከሆነች ታዲያ ምኗ ተለዋወጠ?» ስትል ጠየቀች። መምህሩ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ጥሩ ጠየቅሽ፤ መጽሐፉ እንዲህ ስለሚላት ነው» አሉና ወደሚቀጥለው መልመጃ አለፉ።

ስሌቱ ትክክል ስለ ነበር ጥያቄው በስሌት የሚመለስ አልነበረም። የተማሪዋ ጥርጣሬ ያረፈው በስያሜው ላይ ነው። በአማርኛ አፏን የፈታች ልጅ «ተለዋዋጭ» ሲባል ከቤቷና ከሰፈሯ የምታውቀውን ትርጉም ይዛ ወደ ክፍል ትገባለች፤ ጠባዩ ተለዋዋጭ የሆነ ሰው ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ነው፤ ተለዋዋጭ አየር ሲያጠቁርም ሲያበራም የሚውል ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈችው ኤክስ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 4 ከመሆን በቀር ሌላ ዕድል አልነበራትም። ተማሪዋ ቃሉን አምና ሒሳቡን ተጠራጠረች። ተቃራኒውን ብታደርግ ኖሮ፣ ማለትም ሒሳቡን አምና ቃሉን ብትጥለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአማርኛ ሙያዊ ቃል ለእርሷ ትርጉም የሌለው ድምፅ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሙያዊ ቃል ከእንግሊዝኛው ትይዩ ተሰልፎ በመዝገብ ሲታይ ጉድለቱ እምብዛም አይታወቅም። የሚፈተነው በመምህር አፍ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በመለስተኛና በመካከለኛ ደረጃ የአልጀብራ ትምህርት ከሚዘወተሩት ስያሜዎች ዋና ዋናዎቹን በዚህ ፈተና ማሳለፍ፣ የጸኑትን መደገፍ፣ የከሸፉትንም በምን ሊተኩ እንደሚችሉ መጠቆም ነው።

2. ቃላቱ የሚያገለግሉበት ሁኔታ

ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል ወዲያ ቦታውን ለእንግሊዝኛ ይለቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲወስን፣ ሙያዊ ቃላትን የማዘጋጀቱ ሥራ ከአማርኛ አልፎ የብዙ ቋንቋዎች ጉዳይ ሆነ። ይሁን እንጂ በአማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲሰጡ የቆዩበት አሠራር ስላለ፣ የቋንቋው ድንበር በዚያው በ7ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ተተክሎ ኖሯል።

ይህ ድንበር በሒሳብ ትምህርት ረገድ የወደቀበት ስፍራ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ተማሪው ከቁጥር ስሌት ወደ ፊደል ስሌት የሚሸጋገረው በዚሁ ዕድሜ ነውና። የአልጀብራ ዘር በ5ኛና በ6ኛ ክፍል በአማርኛ ይዘራል፤ አዝመራው ግን በሌላ ቋንቋ ይሰበሰባል። በተግባር እንደሚታየውም መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም የመምህሩ ማብራሪያ አማርኛ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ስያሜ በመጽሐፉ ውስጥ ባይኖርም በክፍሉ ውስጥ ይኖራል፤ የተማሪውን ሐሳብ የሚቀርጸውም ይኸው በቃል የሚነገረው ስያሜ ነው።

በቁጥር ስሌት ረገድ የአማርኛ ሙያዊ ቃላት የተሳካ ታሪክ አላቸው። «ተደማሪ» እና «ድምር»፣ «አባዢ»፣ «ተባዢ» እና «ብዜት»፣ «አካፋይ»፣ «ተካፋይ» እና «ድርሻ» የተሰኙትን ብንመለከት፣ አብዛኞቹ ከአንድ ግሥ ወጥተው አድራጊውን፣ ተደራጊውንና ውጤቱን በቅርጻቸው ይለያሉ። «አባዢ» ማን እንደ ሆነ ያልተነገረው ልጅ እንኳ ከቃሉ አወቃቀር ሊገምት ይችላል። ከግዕዝ የተወሰዱት «ላዕል» እና «ታሕት» ደግሞ የክፍልፋይን ላይኛና ታችኛ ቁጥር በቦታቸው ይጠራሉ። «ዳግም ርቢ» እና «ዳግም ዘር» የተባሉትም እርስ በርሳቸው ይጠቃቀሳሉ። እነዚህ ሁሉ ቤተሰብ ያላቸው ቃላት ናቸው።

የአልጀብራው ስያሜ ግን በአብዛኛው በዚህ መንገድ አልተሠራም። በ1962 እ.ኤ.አ. በኢንቴቤ በተጀመረውና ኢትዮጵያም በተካፈለችበት የሒሳብ መጻሕፍት ዝግጅት አማካይነት የገባው «አዲሱ ሒሳብ» ብዙ እንግዳ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድ ጊዜ ይዞ መጣ። ተርጓሚው እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው እየነጠለ አቻ ፈለገለት። በዚህ አኳኋን የተገኙት ቃላት አንድ በአንድ ሲታዩ ነውር የለባቸውም፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አይተዋወቁም።

3. «ተለዋዋጭ» እና ያልተሰየመው ወንድሙ

በአልጀብራ ፊደል ቢያንስ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው በርካታ ዋጋዎችን ሊወስድ የሚችል መጠንን መወከል ነው፤ የሬክታንግል ስፋት ርዝመት በወርድ ተባዝቶ ይገኛል ስንል ርዝመቱም ወርዱም እንደ ሬክታንግሉ ይለዋወጣሉ። ሁለተኛው አንድ የተወሰነ፣ ነገር ግን ገና ያላገኘነውን ቁጥር መወከል ነው፤ የ«3ኤክስ + 5 = 17» ኤክስ ይህን የመሰለች ናት። እንግሊዝኛው በትምህርት መጻሕፍት ሁለቱንም በአንድ ስም መጥራት ቢያዘወትርም ለሁለተኛው የተለየ ስም አላጣለትም። አማርኛው የተረጎመው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በውጤቱም የተማሪዋ ጥያቄ መልስ አጣ።

ጉዳዩን የሚያስገርመው ተራው አማርኛ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑ ነው። «እከሌ» እና «እንትን» የሚባሉትን ሁለት ቃላት እንመልከት። «እከሌ ከእከሌ ሳይባል ሁሉም ይምጣ» ሲባል እከሌ ማንንም ሊሆን ይችላል፤ ስፍራው ክፍት ነው፣ የፈለግነውን ስም እናስገባበታለን። «ያንን እንትን አቀብለኝ» ሲባል ግን እንትን የተወሰነ አንድ ዕቃ ነው፤ ስሙ ለጊዜው ከአፍ ጠፋ እንጂ ዕቃው በስፍራው አለ። የመጀመሪያው ተለዋዋጭ ነው፤ ሁለተኛው በሰሌዳው ላይ የነበረችው ኤክስ ነው።

የአልጀብራ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ820 እ.ኤ.አ. ገደማ በባግዳድ የጻፈው አልኽዋሪዝሚ የሚፈለገውን ቁጥር «ሸይእ» ይለው ነበር፤ ትርጉሙ «ነገር» ማለት ነው። የላቲን ተርጓሚዎች «ሬስ» አሉት፣ ጣሊያኖች «ኮሳ» አሉት፤ ሁለቱም ያው «ነገር» ናቸው። በ16ኛው ምዕት ዓመት የነበሩት የጀርመን የአልጀብራ ሊቃውንት ኮሲስት የተባሉት ከዚህ ተነሥቶ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈለገውን ቁጥር በየቋንቋቸው «እንትን» እያሉ ነው የጠሩት።

ከአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ አለ። መርጡለ ማርያም በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን የታወቀ ጥንታዊ ስፍራ ነው። ስሙም «የማርያም አዳራሽ» ተብሎ ይፈታል። በእንዲህ ያለ ደብር ጥላ ሥር ላደገ ሰው የአበቅቴና የመጥቅዕ ስም እንግዳ አይሆንም። ዓመተ ዓለም ለ19 ሲገደፍ ከሚተርፈው 1 ተቀንሶ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ብናሰላው ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይሆናል። የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ምንጊዜም 30 ነው።

«አበቅቴ + መጥቅዕ = 30» ብለን ስንጽፍ ሁለቱ ስሞች ከዓመት ወደ ዓመት ዋጋቸው የሚለዋወጥ ናቸው፤ በእውነት ተለዋዋጮች ናቸው። «የዘንድሮው አበቅቴ 12 ነው፤ መጥቅዑ ስንት ነው?» ተብሎ «12 + መጥቅዕ = 30» ሲጻፍ ግን መጥቅዕ መለዋወጡን አቁሞ ተፈልጎ የሚገኝ አንድ ቁጥር ሆነ። ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥራው ነው። ስለዚህ ሁለት ስያሜ ያስፈልጋል ስንል ፊደላቱን በሁለት ጎራ እንክፈል ማለታችን አይደለም፤ አንድ ሰው በቤቱ አባት፣ በሥራው ዳኛ እንደሚባል ሁሉ ፊደሉም እንደ ሥራው ይጠራ ማለታችን ነው።

ለሁለተኛው ሥራ ማን ይሰየም? «እንትን» ትርጉሙ የቀና ቢሆንም ነውር የሆነውን ለመሸፈን ስለሚያገለግል ክፍሉን ሳቅ በሳቅ ያደርገዋል፤ ለመዝገብ አይበቃም። «ያልታወቀ» የሚለው ብዙዎች የሚቀበሉት ነው። ነገር ግን ሐረግነቱ ስለማይለቀው ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ይከብዳል፤ «ባለ ሁለት ያልታወቁ እኩልታ» ማለት አንደበትን ያደናቅፋል። «ተፈላጊ» በገበያ ለተወደደ ሸቀጥ፣ በፖሊስም ለሚታደን ሰው የተሰጠ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚያቀርበው «ስውር» የሚለውን ነው። የተሰወረ ነገር አለ፤ ባናየውም ቦታውን አልለቀቀም፤ ፈልገን ስናገኘውም እኛ አልፈጠርነውም። «ስውር ቁጥር»፣ «ስውሩን ፈልጉ»፣ «ባለ ሁለት ስውር እኩልታ» ያለ ችግር ይነገራሉ። ቃሉ «ስውር ደባ» በመሳሰለው አገባቡ ክፉ ሽታ እንዳለው አይካድም፤ ከ«ቁጥር» ጋር ሲውል ግን ይህ ሽታ አይከተለውም።

4. «መግለጫ» ወይስ «ሐረግ»?

ተማሪዎች በአልጀብራ ከሚሠሯቸው ስሕተቶች በጣም የተለመደው የማይፈታውን መፍታት ነው። «3ኤክስ + 5» ተጽፎ «አቃልሉ» ሲባሉ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ «= 0» ጨምረው የኤክስን ዋጋ ለማግኘት ይጣጣራሉ፤ ወይም 3ን ከ5 ጋር ደምረው «8ኤክስ» ይላሉ። በሁለቱም ሁኔታ የጠፋቸው በእጃቸው ያለው ነገር ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ነው።

ስያሜው በዚህ ረገድ ምን ይረዳቸዋል? «አልጀብራዊ መግለጫ» የሚለው ስም ምንም አይረዳም። በአማርኛ «መግለጫ» የተሰወረውን ይፋ የሚያወጣ፣ ያልተብራራውን የሚያብራራ ነው፤ መሥሪያ ቤት መግለጫ ይሰጣል፣ ከሥዕል ሥር መግለጫ ይጻፋል። «3ኤክስ + 5» ግን ይፋ ያወጣው ነገር የለም፤ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሊባል እንኳ አይችልም። ቃሉ የተመረጠው የእንግሊዝኛው ግሥ «መግለጽ» ተብሎ ስለሚተረጎም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተስተዋለ ነገር አለ። በዚያው «አዲስ ሒሳብ» አማካይነት «ክፍት ዓረፍተ ነገር» እና «የእኩልነት ዓረፍተ ነገር» የሚሉ ስያሜዎች ወደ አማርኛ መጻሕፍት ገብተው ተለምደዋል። እኩልነትን የሚናገረው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር ከተባለ ገና ያልተሟላው ቁራጭ ምን ሊባል ይገባዋል? የሰዋስው መምህር ሳያመነታ «ሐረግ» ይላል። «የጎረቤቴ ትልቁ በሬ» ሐረግ ነው፤ ስለ በሬው ምንም አልተነገረም፣ እውነት ወይም ሐሰት አይባልም። «የጎረቤቴ ትልቁ በሬ ታመመ» ሲባል ዓረፍተ ነገር ሆነ። «3ኤክስ + 5» ከመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ «3ኤክስ + 5 = 17» ከሁለተኛው።

ይህን ማመሳሰል ወደ ግዕዝና ወደ አማርኛ ሰዋስው ትምህርታችን ይበልጥ ስናቀርበው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፍሬ እናገኛለን። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ በሰዋስዋችን «ማሠሪያ አንቀጽ» ይባላል። ማሠሪያ ያልመጣለት ንግግር የተንጠለጠለ ነው። በእኩልታ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው «=» ነው። እንግዲህ ግራና ቀኙን ያሠረው ምልክት ካለ የሚፈታ ነገር አለ፤ ምልክቱ ከሌለ ያልታሠረውን ማን ይፈታዋል? አማርኛ ጥያቄን «መፍታት»፣ ውጤቱን «መፍትሔ» ማለቱ ከማሠር ጋር በተፈጥሮ የሚጣመር ነው። መምህሩ «ማሠሪያ የሌለው አይፈታም፤ ይቃለላል እንጂ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖራቸው፣ ሐረግንና እኩልታን ለመለየት ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ማብራሪያ ያሳጥርላቸዋል።

በ«ሐረግ» ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው «መግለጫ» በመጻሕፍት ስለ ታተመ መለወጡ ውዥንብር ይፈጥራል የሚለው ነው፤ ይህ ክብደት ያለው ተቃውሞ ስለ ሆነ ለውጡ በአንድ የመጻሕፍት ዝግጅት ዘመን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን በማተም ሊጀመር ይገባል። ሁለተኛው «ሐረግ የሰዋስው ቃል ነው፤ ለሒሳብ አይውልም» የሚለው ነው። ይህ ግን «ዓረፍተ ነገር» ለሒሳብ ከዋለ በኋላ የዘገየ ተቃውሞ ነው።

5. «እኩልታ» እና የ«=» ንባብ

«እኩልታ» ከአዳዲሶቹ ስያሜዎች ሁሉ የተዋጣለት ነው። አንዳንድ ሰዎች «-ታ» የሚለው ባዕድ መድረሻ ከግሥ እንጂ ከቅጽል ላይ አይቀጠልም በማለት ይነቅፉታል። ነቀፋው አይጸናም፤ «ዝም» ግሥ ሳይሆን «ዝምታ»ን፣ «ደስ» ግሥ ሳይሆን «ደስታ»ን ወልዷልና። ከዚህም በላይ «እኩልነት» የግንኙነቱ ስም፣ «እኩልታ» ግንኙነቱን የሚናገረው ጽሑፍ ስም ሆነው መለያየታቸው ትልቅ ጥቅም ነው። ኬሚስትሪም ይህንኑ ስያሜ ተቀብሎ ይገለገልበታል።

ጉድለቱ ያለው በስያሜው ሳይሆን በንባቡ ነው። «3ኤክስ + 5 = 17» በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ «ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት ይሆናል አሥራ ሰባት» ተብሎ ይነበባል። ይህ ንባብ ሁለት በሽታዎች አሉት። የመጀመሪያው የቃላት ቅደም ተከተል ነው፤ ግሡ በመካከል ገብቶ «አሥራ ሰባት» ያለ ማሠሪያ ከኋላ ቀርቷል። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ጠገበ ልጁ» እያለ እንደማይውል ሁሉ ይህም በሰሌዳ ፊት ብቻ የሚነገር የእንግሊዝኛ ጥላ ነው።

ሁለተኛው በሽታ የከፋ ነው። «ሦስትና አምስት ስንት ይሆናል?» በሚለው አገባብ «ይሆናል» የስሌት ውጤትን የሚያስታውቅ ቃል ነው። ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ «=»ን «አሁን ውጤቱን ጻፍ» እንደሚል ትእዛዝ ያየዋል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ የሒሳብ ትምህርት ጥናቶች ይህ አመለካከት በአልጀብራ ደጃፍ ላይ ዋና መሰናክል እንደሚሆን አሳይተዋል። «3ኤክስ + 5 = ኤክስ + 13» የመሰለው እኩልታ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ትርጉም አይሰጠውም፤ ከምልክቱ ወዲያ ውጤት የለም፣ ሌላ ስሌት ነው ያለው። አማርኛው ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል፤ «ይሆናል» ጥርጣሬን ጭምር ይገልጻልና። «ኤክስ 4 ይሆናል» የሚለው «ምናልባት 4 ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ሊሰማ ይችላል።

ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ በ1557 እ.ኤ.አ. ምልክቱን ሲያስተዋውቅ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች የሉም በሚል ምክንያት ነበር። የምልክቱ ሐሳብ ሚዛን ነው እንጂ ውጤት አይደለም። ስለዚህ ንባቡ «ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት ከአሥራ ሰባት ጋር እኩል ነው» ቢሆን ማሠሪያው በተገቢ ቦታው በመጨረሻ ይውላል፤ «ይሆናል»ም ይወገዳል። በመርጡለ ማርያም ገበያ ሚዛን ያላየ ልጅ የለም። ሦስት እኩል ከረጢት ማርና የ5 ኪሎ ድንጋይ በአንድ ወገን፣ 17 ኪሎ በሌላ ወገን ቢመዛዘኑ አንዱ ከረጢት 4 ኪሎ መሆኑን ለማወቅ «ይሆናል» የሚል ቃል አያስፈልግም፤ ሚዛኑ እኩል ነው፣ አበቃ።

ከዚሁ ጋር «ማሻገር» የተባለውን የክፍል ቃል ማንሣት ይገባል። «አምስት ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» የሚለው መመሪያ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቁጥር በ«=» ላይ ተሻግሮ የትም አይሄድም። የሆነው ነገር ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነሱ ነው። ይህን በትክክል የሚናገር «ማካካስ» የሚል ቃል አለን። አልኽዋሪዝሚ መጽሐፉን የሰየመበት «አልጀብር» የጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ በስፔን አጥንት ጠጋኝ በዚሁ ሥርወ ቃል ይጠራ ነበር። አልጀብራ በአማርኛ አመጣጡ ቢነገር የወጌሻ ሥራ ነው። ወጌሻ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል እንጂ ወደ ሌላው እግር አያሻግረውም።

6. ፊደልን ስለ መምረጥ

አንዳንድ ተርጓሚዎች የላቲኑን ፊደል ትተን በግዕዝ ፊደል እንጠቀም ይላሉ። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም አማርኛ በቁጥር ላይ የሚቀጥላቸው ባዕድ መነሻዎች ያውኩታል። «ለ» ማካፈልንና ማነጻጸርን ያመለክታል፤ «6 ለ2 ሲካፈል»፣ «3 ለ2» እንላለን። «በ» የማባዛት ነው፤ «ከ» የመቀነስ ነው፤ «የ» የባለቤትነት ነው። ስለዚህ «3ለ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው «ሦስት ለምን ያህል?» ብሎ ይጠብቃል፤ «5ከ» ቢጻፍም እንዲሁ። እነዚህን አራት ፊደላት ለይተን ካስቀረን በኋላ «መ»፣ «ሠ»፣ «ወ» እና «ጠ» የመሳሰሉት ያለ ችግር ሊያገለግሉ ይችላሉ። ተማሪው ግን በ7ኛ ክፍል ከላቲን ፊደል ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር፣ የግዕዝ ፊደልን በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ለመግቢያነት ማዋል፣ ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን አሳይቶ ማሸጋገር የተሻለ ነው። ፊደሉ ቢለወጥ እኩልታው እንደማይለወጥ ማየት ራሱ አንድ የአልጀብራ ትምህርት ነው።

7. ስለ ቀሩት ባጭሩ

«ቁም» በመደመርና በመቀነስ ምልክቶች መካከል ለብቻው ለሚቆም ክፍል የተሰጠ ስም ነው። ትእዛዝ ይመስላል ተብሎ ይነቀፋል፤ ይሁን እንጂ «ቁም ነገር» እና «ቁም ሣጥን» የሚል ሕዝብ በዚህ አይደናገርም። «ተመሳሳይ ቁሞችን ሰብስቡ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ሊጸና ይገባዋል።

በፊደል ፊት ለሚቆመው ቁጥር በውሰት «ኮኤፊሸንት» ማለት አያስፈልግም፤ በ«3ኤክስ» ውስጥ 3 ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው «አባዢ» ነው።

«ቋሚ» ትክክለኛ ቃል ነው፤ ለማስተማሪያም የዳውላን ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። አንድ ዳውላ የሚይዘው ቁና በአንድ ገበያ የተወሰነ ነው፤ ከአገር አገር ግን ይለያያል። በዚህ ምሳሌ ተማሪው «ቋሚ» ማለት በያዝነው ጥያቄ ውስጥ የማይለወጥ ማለት እንጂ በዓለም ሁሉ አንድ ማለት እንዳልሆነ ይረዳል።

«ያለእኩልነት» ከሁሉ ደካማው ነው። «ያነሰ ወይም እኩል» የሚለው ግንኙነት እንኳ በዚህ ስም ስለሚጠራ እኩልነት ያለበትን «ያለ እኩልነት» ማለት ይመጣል። ከዚህም ሌላ «እኩልታ» ለጽሑፉ ከተሰየመ ይህ ደግሞ በ«-ነት» መጨረሱ ቤተሰቡን ይበትነዋል። «ማበላለጫ» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን፤ የተሻለ ያገኘ ቢያመጣ ግን ይህ ጽሑፍ አይሟገትለትም።

8. መደምደሚያ

«ተማሪው በ7ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ከሆነ ስለ አማርኛው ስያሜ ይህን ያህል መድከም ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ከዚሁ መሻገር የሚነሣ ነው። ድንበር የሚሻገር ሰው የሚጠቅመው ይዞት የሚሄደው ስንቅ ነው። በአማርኛ ሐረግንና እኩልታን፣ ተለዋዋጭንና ስውርን ለይቶ ያወቀ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚማረው አዲስ ስም ብቻ ነው፤ ነገሩን ያውቀዋልና። በአማርኛ ያልለየው ልጅ ግን ስሙንም ነገሩንም በአንድ ጊዜ፣ ያውም በማያውቀው ቋንቋ፣ እንዲማር ይገደዳል። ብዙው ልጅ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ የሚተወው በዚህ ስፍራ ላይ ነው። ጉድለቱ የአእምሮው ተደርጎ ይቆጠራል፤ የመዝገበ ቃላታችን ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የታተመው የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ዓመታት ድካም ውጤት ነው፤ ከእርሱ ወዲህ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ በእርሱ ትከሻ ላይ ቆሞ የሚሠራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ቀጣዩ እርምት ሦስት ነገሮችን እንዲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ስያሜዎች በተናጠል ሳይሆን በቤተሰብ እንዲመረጡ፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በመምህር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተነግሮ እንዲፈተን፤ ሦስተኛ፣ የአገሩ ሰዋስውና ባሕረ ሐሳብ ያካበቱት ቃል ከውጭው ትርጉም አስቀድሞ እንዲታይ።

የመርጡለ ማርያሟ ተማሪ ለጥያቄዋ መልስ ሳታገኝ ተቀመጠች። መምህሩ «ስውር ናት፤ አገኘናት፤ 4 ናት» የሚሉበት ቃል በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር፤ ቢነሣም በአንድ ዓረፍተ ነገር በተመለሰ ነበር። ያን ቃል ለመምህሩ ማቀበል የእኛ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞችና የተርጓሚዎች ዕዳ ነው።